ወደ ግድግዳ የዞረው ሥዕል

ሐሚዳ ጋለሪዋ ውስጥ ካርድ እየቆረጠች ነበር። ወፍራም ነጭ ወረቀት፣ ማስመሪያ፣ መቀስ። በየሥዕሉ ሥር የሚለጠፉት ካርዶች ተጽፈው አልቀዋል። የቀረው አንድ ነው፤ እሱም ስም የለውም። ጋሽ ገሠሠ ጠዋት «አንድ ባዶ አስቀሪልኝ፤ የማን ስም እንደሚጻፍበት በኋላ እነግርሻለሁ» ብለዋታል።

ከአዳራሹ የጸሎት ድምፅ ይመጣል። እንግዶቹ ምሳ ከመብላታቸው በፊት ተነሥተው ቆመዋል። ሐሚዳ ሙስሊም ናት፤ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሲጸልይ መሃሉ ቆሞ ማየት ነውር ስለሚመስላት ወደ ትንሿ ቢሮዋ ገብታ በሩን ገርበብ አድርጋለች።

በጓሮ በኩል አንድ ነገር ወደቀ። የሲሚንቶ ከረጢት ከመኪና ሲጣል የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነው። ከከተማው ዳር፣ ፉሪ ውስጥ ቤት የማይሠራ ጎረቤት ስለሌለ እንዲህ ያለ ድምፅ ማንንም አያስደነግጥም። ሐሚዳ የካርዱን የመጨረሻ ጎን ቆረጠች፣ ጠርዙን በጣቷ ዳሰሰች፣ ከዚያ በጓሮው በር ወጥታ አየች።

ጋሽ ገሠሠ ከቤቱ ሥራ በተረፈው ብሎኬት ላይ በጀርባቸው ወድቀዋል። ዓይናቸው ክፍት ነው። መነጽራቸው አልተሰበረም። ጎንበስ ብላ እጃቸውን ያዘች፤ ቆይታ መልሳ አስቀመጠችው።

ወደ አዳራሹ ስትመለስ ጸሎቱ አላለቀም። ሁሉም አንገታቸውን እንደደፉ ናቸው። በሩ ላይ ቆማ ጠበቀች። «አሜን» ብለው ዓይናቸውን ሲገልጡ፣ ድምፅዋን ሳታሰማ ልትናገር የሞከረች ይመስል፣ «ጋሽ ገሠሠ ወድቀዋል» አለች።

*

ኢንስፔክተር ፀሐይወርቅ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳለች። እናቷን ከቀበረች ብዙም አልቆየችም። ወደ ሥራ ስመለስ ሐዘኑ ይብስብኛል ብላ ፈርታ ነበር። አልባሰባትም፤ ምንም አልሆነችም። ሰው ሲያናግራት ድምፁ ከጥጥ ጀርባ የሚመጣ ይመስላታል፤ ቃሉን ግን አንድ ሳይቀር ትሰማለች።

ሳጅን አምሐ በሩ ላይ ተቀበላት።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ ኢንስፔክተር። ጉዳዩ እንኳ ብዙ አያደክምዎትም።»

«እንዴት?»

«ሟቹ ሆሳዕና ሥዕል ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የከተማውን ሙዚየምና ጋለሪ ሊያዩ ከሁለት ሰዎች ጋር መጡ። የመጨረሻው እዚህ ነው፤ የድሮ ተማሪያቸው አዶኒያስ ኤግዚቢሽን ከፍቷል። እሳቸው ላይኛው ፎቅ ወጡ፣ ሌሎቹ ታች ለጸሎት ቆሙ። አዶኒያስ፣ ሚስቱ ዶርቃ፣ ሁለቱ እንግዶች፤ አራቱም አብረው ነበሩ። ብቻዋን የነበረችው የጋለሪዋ ባለቤት ናት። የላይኛውን ፎቅ ቁልፍ የሰጠቻቸው እሷ። ሬሳውን ያገኘችው እሷ። አግኝታም ዝም ብላ የቆመችው እሷ! መኪና ውስጥ ላስገባት?»

«ምናልባት ራሳቸው ወድቀው ይሆናል።»

«የእጅጌያቸው ስፌት ተቀዷል። ሰው ጎትቷቸዋል።»

«እንግዲያው ላይ እንውጣ። እሷ ትቀመጥ።»

ቤቱ ጂ ፕላስ ቱ ነው። የታችኞቹ ሁለት ፎቆች ነጭ ተቀብተው በሥዕል ተሞልተዋል። ከዚያ በላይ ደረጃው እርቃኑን የቀረ ሲሚንቶ ነው። ላይኛው ክፍል መስኮቶቹ መስተዋት የላቸውም፤ በጓሮ በኩል ያለው በረንዳም ብረት አልገባለትም። ወለሉ ላይ የተፈታ አንሶላና መዶሻ አለ። ግድግዳው ላይ አንድ ሥዕል ተሰቅሏል፤ ፊቱ ግን ወደ ግድግዳው ዞሯል። የሚታየው የፍሬሙ እንጨትና የሸራው ጀርባ ብቻ ነው።

«ሥዕል እንዲህ ይሰቀላል እንዴ?» አለ አምሐ።

ፀሐይወርቅ ጓንት አጥልቃ አነሣችውና ገለበጠችው። አንዲት እናት አንገቷን ደፍታ ልጇን ታጥባለች። ልጁ ቀይ ሳፋ ውስጥ ቆሟል፤ ውሃው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ደርሷል። ከሥር በትንሹ «ገበያነሽ» የሚል አለ። መልሳ እንደነበረው ወደ ግድግዳው አዙራ ሰቀለችው።

«ማንም እንዳይወጣ። ያየነውንም ለማንም እንዳትናገር።»

ሲወርዱ አዳራሹ ውስጥ የአዶኒያስን ትልቁን ሥዕል አየችው። ካርዱ «እናት» ይላል። ያችው ሴት ናት፤ ያው የተደፋ አንገት፣ ያው ልጅ። እዚህ ግን እናቲቱ ከቢጫ ጄሪካን ውሃ ታፈሳለች፣ ልጁም የቆመው ድንጋይ ላይ ነው። ሳፋ የለም።

*

በመጀመሪያ ቢሮው ውስጥ የገቡት ወንጌላዊ በፍቃዱ ናቸው። ረጅም ሽማግሌ ናቸው፤ ወንበሩን በእጃቸው ነክተው ካረጋገጡ በኋላ ተቀመጡ።

«ለጋሽ ገሠሠ ምናቸው ነዎት?»

«ጓደኛው ነኝ፣ ልጄ። እሱ ሙዚየም ያያል፣ እኔ መቀመጫ እፈልጋለሁ። ትናንት አራት ኪሎ፣ ስድስት ኪሎ ሲያዞረን ዋለ። አንድ ሥዕል ፊት ተተክሎ አልንቀሳቀስ ሲለኝ ‹ገሠሠ፣ ሥዕሉ አይሸሽም፣ ምሳው ግን ይቀዘቅዛል› አልኩት።» ሊስቁ ሞከሩ፤ ከንፈራቸው ብቻ ተንቀሳቀሰ።

«ዛሬ ለምሳ ለምን አልጠበቋቸውም?»

«ራሱ ነው ያለኝ። ‹ሥዕሌን ሰቅዬ እመጣለሁ፣ አንተ እንደሆነ ጸሎት ቶሎ አትጨርስ› አለኝ።»

«ሥዕሉን አይተውታል?»

«ከሆሳዕና ጀምሮ ጉልበቴ ላይ ይዤው መጣሁ። አንሶላውን ሊያስገልጠኝ? ጫፉን እንኳ እንዳትነካ ብሎኛል።»

«በጸሎቱ ጊዜ ማን የት ነበር?»

«አዶኒያስ ከፊቴ። ኤግዚቢሽኑ እንዲባረክለት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እጄን ጭኜበት ነው የጸለይኩት። ቃለሕይወት ከኋላዬ ሆኖ ‹አሜን፣ አሜን› እያለ ጆሮዬን አደነቆረኝ። ዶርቃ ከባሏ ጎን፣ በመስኮቱ በኩል። ሁላችንም አንድ ላይ ነበርን።»

«ጸሎቱ ረዝሞ ነበር?»

«ረዝሟል። ግን የኔ ጥፋት አይደለም። ጸሎቱ ሲያበቃ አንድ ሰው መዝሙር ያነሣል፤ ልማዳችን ነው። ዶርቃ ዘማሪ ናት አሉኝ፣ ‹አንቺ ታነሺልናለሽ› ብያት ‹እሺ› ብላለች። ሁለት ጊዜ ዝም ብዬ ጠበቅኩ። የሚያነሣ ሲጠፋ ምን ላድርግ? ቀጠልኩ።»

ፀሐይወርቅ አንገቷን ነቀነቀች። «ካዩዋቸው ሥዕሎች የትኛው ልብዎ ውስጥ ቀረ?»

«እውነቱን ልንገርሽ? ወንበሩ።»

ቃለሕይወት ቀጥሎ ገባ። የአዶኒያስ የክፍል ጓደኛ ነው፤ ዛሬ እሱም ሆሳዕና መምህር ሆኗል። እጁ የት እንደሚቀመጥ የጠፋበት ይመስላል።

«አብረን ነበርን፣ እምላለሁ። ጋሽ በፍቃዱ ደግሞ ጸሎት ከጀመሩ አይመለሱም። ትናንት ድንቅነሽ ፊትም ሊጸልዩ ነበር፤ ‹እሷ እንኳ በልታለች፣ እኛን ያብሉን› አልኳቸው።» ከዚያ የሳቀበትን አስታውሶ ፊቱ ጠቆረ። «ይቅርታ።»

«ሌሎቹን በዓይንህ አይተሃቸዋል?»

«አብረን እኮ ነው የቆምነው!»

«የትኛው ሥዕል ልብህ ውስጥ ቀረ?»

«‹እናት› የሚለው። ያ ቢጫ ጄሪካን! ጋሽ ገሠሠ ግን ፊቱ ቆመው ምንም አላሉም። እሳቸው ዝም ሲሉ ነው የሚያስፈሩት።»

«ገበያነሽ ማን ናት?»

ቀና አለ። «አብራን የተማረች ልጅ ናት። ገና በልጅነቷ ሞተች። ከሁላችንም የምትበልጠው እሷ ነበረች። ሥዕሎቿን ጋሽ ገሠሠ ቤታቸው ቆልፈው ይዘዋቸዋል፤ ለማንም አያሳዩም።»

አዶኒያስ ሲገባ ጥፍሩ ውስጥ የደረቀ ቀለም እየፈቀፈቀ ነበር። ለሚጠየቀው ሁሉ አጭር መልስ ይሰጣል።

«መምህርህ ምን ሊሰቅሉ እንደነበር ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«ሚስትህስ?»

«ዶርቃ አታውቅም። ስለዚያ ሥዕል ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ምን እንደሚመስልም፣ እንዳለም። ለሷም ቢሆን።»

«ፎቶ አንሥተው አልላኩልህም?»

«ጋሽ ገሠሠ ስልካቸው ካሜራ የለውም።» ጥፍሩን መፈቅፈቁን ቀጠለ።

ዶርቃ ነጠላዋን አገጯ ሥር ይዛ ተቀመጠች። ቆንጆ ድምፅ እንዳላት ሰው ሁሉ የሚናገርላት ናት፤ አሁን ግን ድምፅዋ ሻክሯል።

«ጋሽ ገሠሠን ድሮ ታውቂያቸዋለሽ?»

«ዛሬ ጠዋት ነው ያየኋቸው። የነፋስ ስልክ ልጅ ነኝ፤ ሆሳዕና ሄጄ አላውቅም።»

«ላይኛው ፎቅ ወጥተሻል?»

«ደረጃውንም አልረገጥኩም።»

«ከባለቤትሽ ሥዕሎች የምትወጂው የትኛውን ነው?»

ዶርቃ ጠረጴዛው ላይ ያለውን መቀስ ስታይ ቆየች። «‹እናት› የሚለውን። ሳሎናችን ውስጥ ነው የኖረው። ልጁ እዚያ ቀይ ሳፋ ውስጥ ቆሞ… ውሃው እግሩን ሸፍኖት… ይቅርታ፣ ዛሬ ማሰብ አልቻልኩም።»

«ምንም አይደል። ሂጂ አረፍ በይ።»

በመጨረሻ ሐሚዳ ተጠራች። አምሐ ከኋላዋ በሩን ይዞ ቆመ።

«ሬሳ አይተሽ ለምን ጠበቅሽ?» አላት እሱ።

«አላውቅም። ጸሎት ላይ ነበሩ።»

«ይሄ መልስ ነው?»

«ሌላ የለኝም፣ ወንድሜ።»

ፀሐይወርቅ በእጇ ምልክት አምሐን ዝም አሰኘችው። «በሩ ላይ ስትቆሚ ሁሉም ነበሩ?»

«ሁሉም። ሦስቱ ወንዶች ጠረጴዛው ጋ፣ ዶርቃ በሩ ሥር፣ አጠገቤ። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር። እያለቀሰች የምትጸልይ መሰለኝ።»

«በሩ ሥር? መስኮቱ ጋ አይደለም?»

«ክንዴ ሊነካት ነበር።»

«ጋሽ ገሠሠ ሥዕል እሰቅላለሁ ሲሉሽ ማን ሰማ?»

«ዶርቃ ነበረች፤ አበባ እያስቀመጠች። ታች ግድግዳው ሞልቷል ብላቸው ‹ላይ ይሁን፣ ሰው ወጥቶ ይየው› አሉ። ላይ አላለቀም፣ በረንዳው ብረት የለውም ብዬ ለመንኳቸው። ‹ይህን ያየ ሰው የቱ ቀድሞ እንደተሣለ ያውቃል› አሉ፤ ጆሯቸው ስለደከመ ጮክ ብለው ነው የሚናገሩት።» ቁልፎቿን በእጇ ጨበጠች። «ይወስዱኛል? እናቴ ከአልጋ አትነሣም። የቤቱ ቁልፍ ያለው እኔ ጋ ነው። ማንም አይገባላትም።»

«ትንሽ ታገሺ፣ ሐሚዳ።»

*

ሁሉም አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰቡ። ጠረጴዛው ላይ ሳምቡሳው ቀዝቅዟል፣ የለስላሳው ጠርሙሶች እንደተከፈቱ ናቸው። ፀሐይወርቅ «እናት» ፊት ቆመች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«አራታችሁም አብረን ነበርን ብላችሁኛል። ሦስታችሁ ያመናችሁትን ነው የነገራችሁኝ። ግን ማን ማንን አየ?»

ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው አየች።

«ያደግኩት እንደናንተ ባለ ቤት ነው። እናቴ ማዕድ ስትባርክ ወጡ ይቀዘቅዝ ነበር። ያን ጊዜ ሰው ገብቶ የቤቱን ዕቃ ቢያወጣው አናውቅም። ዓይናችሁን ጨፍናችኋል፤ አብሯችሁ የቆመ ሰው አብሯችሁ የቀረ መስሏችኋል።»

«ሐሚዳስ?» አለ አምሐ። «እሷ ዓይኗን አልጨፈነችም።»

«ሐሚዳ ገድላ ቢሆን ኖሮ አንድ ሰው ጎድሎ ነበር ማለት ይበጃት ነበር። እሷ ግን ሁሉም ነበሩ ብላ ብቻዋን ቀረች። እውነቷን ነው፤ ከጓሮ እስክትመለስ የሄደው ሰው ተመልሷል።» ወደ ሽማግሌው ዞረች። «ጋሽ በፍቃዱ፣ እርስዎ ድምፅዎ አልተቋረጠም። አዶኒያስ እጅዎ ሥር ነበር። ቃለሕይወት ከኋላዎ ‹አሜን› ሲል ሰምተውታል። አንድ ድምፅ ግን ጠብቀው አጡ።»

ወንጌላዊው አፋቸውን ከፍተው ዘጉ። «መዝሙሩን…» አሉ።

«ሁለት ጊዜ ጠበቁ። መዝሙሩን የሚያነሣ ሰው ቤቱ ውስጥ ቢኖርም አዳራሹ ውስጥ አልነበረም። ጸሎቱ ሲጀመር መስኮቱ ጋ፣ ባሏ አጠገብ ነበረች። ሲያበቃ በሩ ሥር ናት፣ ደረጃው አጠገብ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። እንዲህ እያለከለከች ዓይናቸውን በጨፈኑት መሃል ብታልፍ ይሰሟት ነበር፤ ስለዚህ እዚያው ቆመች።»

ሁሉም ዶርቃን አዩ። እሷ የምታየው ጠርሙሶቹን ነው።

«አልቅሼ ነው» አለች። «መዝሙር የሚያነሣ ሰው አንዳንዴ ያለቅሳል።»

«ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ሁላችሁንም የትኛው ሥዕል ልባችሁ ውስጥ እንደቀረ የጠየቅኩት። አምሐ፣ አምጣው።»

አምሐ ሥዕሉን ከላይ አውርዶ ከአዶኒያስ ሥዕል አጠገብ ወንበር ላይ አስደገፈው። አንዲት ሴት፣ አንድ ልጅ፣ ሁለት ጊዜ። አንዱ ቢጫ ጄሪካን፣ አንዱ ቀይ ሳፋ።

«ጋሽ ገሠሠ ይህን ሥዕል በአንሶላ ጠቅልለው አመጡት፤ የፈቱት ላይ ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ወደ ግድግዳ አዞረው። ታች ካላችሁት ማንም አላየውም። ዶርቃ ሆሳዕና ሄዳ አታውቅም፣ ባሏም ነግሯት አያውቅም። ስለ ‹እናት› ስጠይቃት ግን ሳሎኗ ውስጥ ለዓመታት ያየችውን ጄሪካን ረሳች። ቀይ ሳፋ አለችኝ፤ ውሃው እግሩን ሸፍኖት አለችኝ። ያየችው የመጨረሻው ሥዕል የመጀመሪያውን አጥፍቶባታል።»

ዶርቃ ነጠላዋን ከራሷ ላይ አወረደች። አላለቀሰችም። የተናገረችው የሌላ ሰው ጉዳይ እንደምታወራ ሆና ነው።

«አውርዱት ብዬ ለመንኳቸው። ሰው ያየዋል፣ የባሌ ስም ይጠፋል አልኳቸው። ‹ልጄ፣ ባልሽ ያውቃል› አሉኝ። እያስፈራሩኝ መሰለኝ። ላወርደው ስል እጄን ያዙኝ፣ እኔም እጅጌያቸውን ይዤ ጎተትኩ። ከዚያ ገፋኋቸው። በረንዳው ብረት እንደሌለው ጠዋት ሐሚዳ ስትናገር ሰምቻለሁ። አውቅ ነበር። ሥዕሉንም ሰው እንዳያየው ወደ ግድግዳ አዞርኩት።» ነጠላውን እጇ ላይ ጠቀለለች። «ታች ጋሽ በፍቃዱ ዝም ብለው ሲጠብቁኝ ይሰማኝ ነበር። ደረጃው ላይ ሆኜ።»

አዶኒያስ ከወንበሩ ተነሣ፤ የት እንደሚሄድ ግን አላወቀም።

«ባለፈው ሳምንት ደወልኩላቸው» አለ። «‹ሥዕሉ የሷ ነው፣ እኔ ቀድቼ ነው ሰው ያወቀኝ፣ ያምጡትና ከጎኔ ይስቀሉት› አልኳቸው። እኔ ነኝ የጠየቅኳቸው። አንቺን ደግሞ ዛሬ፣ ከምሳ በኋላ…» አልጨረሰውም።

ዶርቃ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችው። «ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም?»

«አፈርኩ።»

ወንጌላዊ በፍቃዱ ወንበር እያለ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ቃለሕይወት አጠገባቸው ተቀምጦ እጃቸውን ያዘ። አምሐ ዶርቃን ይዞ ሲወጣ ወደ ሐሚዳ ዞር አለ። «ይቅርታ፣ እህቴ» አላት። ሐሚዳ አንገቷን ብቻ ነቀነቀች።

ፀሐይወርቅ እዚያው ቆማ የሚሰማት ነገር ካለ ጠበቀች። ከዚያ መጠበቁን ተወችው።

«ሥዕሉ ለማስረጃ ከኛ ጋር ይሄዳል» አለች። «ሐሚዳ፣ አንቺ ወደ እናትሽ ሂጂ።»

«አንድ ነገር ቀርቶኛል» አለች ሐሚዳ። ቢሮዋ ገብታ ባዶውን ካርድና እስክሪብቶ ይዛ ተመለሰች፤ አዶኒያስ ፊት ቆመች። «ሙሉ ስሟን ንገረኝ።»

«ገበያነሽ ሎምቤቦ» አለ።

ሐሚዳ በዝግታ ጻፈችው። ፀሐይወርቅ ሥዕሉን በአንሶላው ጠቀለለችና በሲባጎ አሰረችው፤ ሐሚዳ ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ ብላ ካርዱን ከሲባጎው ሥር ሰካችው። ከዚያ ተመልሳ እስክሪብቶውን ከደነች፣ መቀሱንና ማስመሪያውንም አብራ መሳቢያው ውስጥ ከታ ዘጋችው።